ከቅንድቡ በላይ ያጠፋሁት

ጥር 5 ቀን 91፣ ረቡዕ፣ ጥዋት 4 ሰዓት

የሪታች ቀን፣ ኔጌቲቭ በእርሳስ የማስተካከል። መስኮቱ ሥር ቁጭ። ከእሑዱ ክርስትና ዘጠኝ ኔጌቲቭ፣ አንድ የሾለ እርሳስ፣ አንድ አጉሊ መነጽር። ሕፃን ማለት ፊቱን በገዛ ጥፍሩ ሲቧጭር የሚውል ፍጥረት ነው። እኔ ደግሞ ጭረቱን በነጥብ በነጥብ ስደፍን እውላለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ጋሽ መርዕድ የፎቶ አንሺ ግማሽ እጁ እርሳስ ነው ይላል።

የዘነበች ልጅ አለቀ። አንቺ ደብተር፣ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም! የአርባ ቀን ልጅ፣ ዓይኑን ከፍቶ ቀጥ ብሎ ያየኛል። ከግራ ቅንድቡ በላይ ባቄላ የምታህል ጥቁር ምልክት ነበረችበት። ግማሽ ሰዓት ፈጀችብኝ። አጠፋኋት፣ ዱካዋም የለ። ጎበዝ ጽጌ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ያዘዘችው አንድ ብቻ ነው። ባሏ ዘማች ነው፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ነው የሄደው። ለራሷ የሚሆነውን ግን እሱ ሲመለስ ሦስት ሆነን እንነሳለን ትላለች። ከሰዓት 10። የባሏ ዘመድ በላይ መጥቶ ፎቶውን ወሰደው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ነገ ሌሊት ወደ ሰሜን ይነሳል። ዘነበች ራሷ ሳታየው ፎቶው ሄደ። ይድረስ ብቻ።

ጥር 14፣ ዓርብ

ወ/ሮ አስካለ ዛሬም ሁለት አራስ ቤት ይዛኝ ገባች። የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ ናት። እሷ እጄን ካልያዘች በር አይከፈትልኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት የአራስና የሕፃን ፎቶ ነው የማነሳው ስል ጎፋ ሁሉ ሳቀብኝ። ማን ጤነኛ ሰው ያልተጠመቀ ልጁን ለሰው ዓይን ያወጣል? እናቴ እንኳ፣ አንቺ ራስሽ ሳትወልጂ የሰው ልጅ ስታሳድጂ ልትኖሪ ነው ወይ አለችኝ። ወንድ ፎቶ አንሺ ግን አራስ ጓዳ አይገባም። እኔ እገባለሁ። ይህችን ክፍተት አየሁና ያዝኳት። አሁን «የሕፃናቷ» ይሉኛል። ከሀና ማርያም ወዲያ ካሉት ገበሬዎች እንኳ ሚስቶቻቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ።

ደስ ብሎኛል። መጻፍ ያሳፍራል እንጂ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥር 28፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9

ዘነበች መጣች። ልጁን ታቅፋ፣ ደብዳቤ ይዛ። ፊቷ ከል መስሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የክርስትና ስም አለው፣ የቤት ስም ግን የለውም። ስሙን አባቱ ከጦር ሜዳ ሊልክ ነበር ቃሉ። ፎቶውን አይቶ ነው የማወጣለት ብሏል። ደብዳቤው መጣ፣ ስም የለበትም። የባሏም፣ የአባቱም፣ የአያቱም ግራ ቅንድብ ላይ ያ ጥቁር ምልክት አለ። ማርያም የሳመቻቸው ዘር እየተባሉ ነው የኖሩት። ሲሄድ ሆዷ ላይ እጁን አድርጎ ምልክታችንን ይዘህ ውጣ ብሎት ነበር። አሁን ይጽፋል፦ አየሁት፣ ልጅሽ ቆንጆ ነው። ልጅሽ! ቆንጆ!

ምልክቱ ይኸው አለ፣ ፎቶው ላይ አልወጣም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የልጁን ሻሽ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። ያቺው ባቄላ።

ምን እንዳልኩ ልጻፍ። ብርሃኑ ይሆናል አልኩ። አንዳንዴ ብርሃን ይበላዋል አልኩ። ምላሴ አልተንተባተበም።

ጥር 29፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። ለምን እውነቱን አላልኩም? አውቀዋለሁ። ማርያም የሳመችውን በእርሳስ ያጠፋች ተብዬ በዚህ ሰፈር የማን አራስ ደጅ እረግጣለሁ? ወ/ሮ አስካለ ጭረትን ማጥፋቴን ታውቃለች፣ ትወደዋለችም። ይህ ግን ጭረት አይደለም። እጄ ሲሠራ ልዩነቱን አልጠየቀም። ቆሻሻ መሰለው። እጄ አልኩ? እኔ።

ሌላ ፎቶ በነጻ አነሳዋለሁ። ምልክቱ ይወጣል፣ አባቱ ያያል፣ ያልቃል። ማንም ሳይጎዳ።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

አነሳሁት። ከግራ በኩል፣ ቅንድቡን ለብርሃን ሰጥቼ። እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ዘነበች የታጠበውን ፎቶ ስታይ ሳቀች። ይህን ይመስላል እንዴ እያለች በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ብርሃኑን ስላስተካከልኩላት መረቀችኝ። ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታልኛለች፣ ራሷ የቆላችው። በፊቷ ዘግኜ በላሁ።

በላይ ነገ ይሄዳል። እሱም ልጁን በዓይኑ አይቷል፣ ምልክቱን እመሰክራለሁ ብሏል። በቃ ተገላገልኩ ማለት ነው። አይደል?

የካቲት 5፣ ዓርብ

አንዲት እናት የልጇን ኔጌቲቭ ስሠራ መልኩን ቀላ አድርጊልኝ አለች። እንደተፈጠረ ይሁን አልኳት፣ እንደ መነኩሴ። ተናዳ ሄደች። ለመጽደቅ የመረጥኩት ሰዓት!

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሬዲዮው ከጥዋት እስከ ማታ ውጊያ ውጊያ ይላል። ዛሬ በላይ ገባ፣ መልሱን ይዞ።

የዘነበች ባል ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ አይቷል። መጀመሪያ ያልነበረ ምልክት በአንድ ወር ከየት በቀለ? በቀለም ተሥሏል አለ። በላይ ምሎ ቢነግረውም አላመነም። ሊሞት ለሚችል ሰው ማጽናኛ ነው የምትነግረኝ ብሎታል። ሰው ለደግ ብሎ ይዋሻል፣ ፎቶ ግን አይዋሽም ብሏል።

ያዳንኩ መስሎኝ የባሰ ቀበርኳት።

ከሰዓት 11። የባሰ አለ። ወ/ሮ አስካለ ብቅ አለች። ወሬው ቦኖ ውሃው ጋ ደርሷል። «ወታደሩ ልጁን አልተቀበለም አሉ። የማርያምን ምልክት አሥላ ላከችለት አሉ፣ ምን ዓይነት ድፍረት ነው! አንቺም ልጄ፣ የዲቃላውን ፎቶ ግድግዳሽ ላይ እንዳትሰቅዪ» አለችኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ እንደማለት። ሻይ ቀዳሁላት። አንቺ ደብተር፣ ይህን ለማንም አልናገርም፣ ላንቺም መናገሬ ይቆጨኛል።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

ዘነበች። ከስታለች። ወተቷ እየቀነሰ ነው።

ልጁን ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛች፣ እርጥብ ጨርቅ አወጣች፣ ከቅንድቡ በላይ ፈተገችው። ልጁ አለቀሰ። «እዪ እትዬ ጽጌ፣ ይለቃል? ቀለም ነው? አንቺ አንስተሽዋል፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ምስክር ሆነሽ ጻፊልኝ፣ የፎቶ ቤቱን ማኅተም ምቺበት። ያንቺን ያምናል» አለች።

አንዴ እንኳ አልጠረጠረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ነይ አልኳት። እንደ ቀበሌ።

መጋቢት 5፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ። ስንት ክርስትና ነበር። አንዷ እናት በሩቁ እጇን አወዛወዘችልኝ።

የመጀመሪያውን ኔጌቲቭ አወጣሁ። ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ሳየው እርሳሴ ያበራል፣ ጥቃቅን ነጥብ፣ እንዴት ያለ ጥንቃቄ። አሁንም፣ አሁን እንኳ፣ ሥራው ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ራሴን ጠላሁ።

ይህ ሰው ነገ ቢሞት ልጄ አይደለም ብሎ ይሞታል። ልጁም ስም የለሽ ሆኖ ያድጋል። በእኔ ግማሽ ሰዓት።

መጋቢት 6፣ ሰኞ፣ ጥዋት 5

ነገርኳት።

ቁጭ እንኳ ሳትል ነው። ብርሃን አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ በእርሳስ አጠፋሁት፣ ከዚያም ዋሸሁሽ አልኩ። እንድትጮህ ጠብቄ ነበር። በጥፊ እንድትመታኝም። ልጁን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፦

«ልጄ አስጠልቶሽ ነው?»

አይደለም አልኩ። ታዲያ ለምን አለች። ለሁሉም እንዲሁ አደርጋለሁ ብዬ ጀምሬ ተውኩት፣ እሱ ከመልስ ሁሉ የከፋ ነበር።

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፣ ደግ አደረገች።

ከሰዓት 10። ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁ። ሊወስደው የመጣው በላይ በግማሽ ቀልቡ ሲሰማኝ ቆይቶ ኔጌቲቩን ሲያይ ነቃ። አስረዳሁት፦ ኔጌቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ይህቺ የደበዘዘች ቦታ የእኔ እርሳስ ናት። አባትየው ጥጥ በቤንዚን ነክሮ ቀስ ብሎ ይጥረጋት፣ እርሳሱ ይለቃል፣ ምልክቱ ነጭ ሆኖ ከሥሩ ይወጣል። በእኔ አይመን፣ በዘነበችም፣ ባንተም። በገዛ እጁ ይጥረግ። «ቤንዚን እንኳ ከእኔ አይጠፋም» አለ በላይ። ሊስቅ ፈለገ፣ እኔን አየና ተወው።

ከምኮራባቸው ሁሉ አብልጬ የምኮራበት ኔጌቲቭ ነበር። በብራና ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። ይሰረዝ።

አብራን የነበረችው ዘነበች ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች። እሱ ሩቅ ነው፣ እኔ የምኖረው ግን እዚህ ነው አለች። ውሃ የምቀዳው እዚህ ነው። በ21 ማኅበሩ እነወ/ሮ አስካለ ቤት ነው፣ ያሙኝ ሁሉ እዚያ ናቸው፣ እነሱም ይስሙ። ትእዛዝ አልነበረም ድምፅዋ። ልመናም አልነበረም።

እሺ አልኩ።

መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

ሰበብ ሳሰላ ሰነበትኩ። ልታመም? እናቴ ጋ ልሂድ? ለወ/ሮ አስካለ ብቻ በጆሮዋ ልንገራትና እሷ ታዳርሰው? ሐሜቱን ያዳረሰችው እሷ አይደለች! ግን አይሆንም። የዘነበች ስም የጠፋው በአደባባይ ነው፣ እኔ ጓዳ ለጓዳ ላንሾካሽክ?

ከበላይ ወሬ የለም።

መጋቢት 20፣ ሰኞ

ወ/ሮ አስካለ ላከችብኝ። ነገ እንዳልቀር። ሦስት እርጉዞች ከማኅበሩ ሊያነጋግሩኝ ይፈልጋሉ፣ አንዷ መንታ ነው የያዘችው። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ፣ ማኅበርተኞቹንም ታነሺናለሽ ብላለች። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ዓይነት ቀን ነው። አሁን መጣ።

በላይ አልተመለሰም። ልጁ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው።

መጋቢት 21፣ ማክሰኞ፣ ጥዋት 3 ሰዓት

ነጭ ለብሻለሁ። ካሜራውን አልያዝኩም።

የምለውን አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራቱንም ቀደድኩ። ሁሉም ስለ ጋሽ መርዕድ፣ ስለ ሙያው፣ ስለ እርሳሱ ያወራሉ። የማያስፈልግ። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ዘነበች አልሣለችም። ልጁ ከነምልክቱ ተወለደ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስትታማም ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ዘነበች መንገድ ላይ ሆና ትጠራኛለች። አብረን ነው የምንገባው። ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ያየናል።

ወ/ሮ አስካለ ጸሎቱ እንዳለቀ ከእርጉዞቹ ጋር ልታስተዋውቀኝ ትነሳለች፣ አውቃታለሁ። አላስቀድማትም። ዳቦው ሳይቆረስ እናገራለሁ። ከሰማች በኋላ ልታስተዋውቀኝ ከፈለገች ታስተዋውቀኝ።