የእድሩ ድንኳንና የቢሾፍቱ እሁድ

ሽብሬ፣ የልጆቼ አባት፤

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለማን ነው የምለው ብዬ ብዕሩን አስቀመጥሁ። ትንሽ ቆይቼ መልሼ አነሳሁት። አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ፋሲካም፣ መስቀልም፣ ገናም ያለ አንተ አለፉ። መስቀል ላይ እኔና ልጆቹ አገር ቤት አልሄድንም፤ ወንድምህ ፈቀደ ብቻውን ሄዶ እናትህን ይዞልን መጣ። ከዚያ ወዲህ አብረውን ናቸው።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ ፈቀደ አስጠግኖታል። ሜሮን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኑ ግን ልማድ ሆኖ ቀርቶባታል። ዮናስ ድምፁ ጎርንኗል። የሱቁን ስልክ ሲያነሳ የድሮ ደንበኞችህ አንተ እየመሰልካቸው ይደነግጣሉ፤ አንዱማ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቶበት ከሰዓት ሶማሌ ተራ ድረስ በአካል መጥቶ ይቅርታ ጠይቆናል። ጎማና የጎማ ውስጥ ከመነዳሪ አሁንም እንሸጣለን። እኔ ጠዋት ጠዋት እቀመጣለሁ፤ ዋጋ ላይ እንደ አንተ ጠንካራ ስላልሆንሁ ፈቀደ ይቆጣኛል።

ይህን የምጽፍልህ ግን ወሬ ላወራህ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ነገሩ የተነሳው ከሜሮን ነው። የክፍሏ ልጆች ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር እየሄዱ ጀልባ ላይ የተነሱትን ፎቶ ያሳዩዋታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ አባት የሞተበት ሰው ዓመት እስኪሞላ ውሃ ማየት ኃጢአት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከሙት ዓመትህ በኋላ እንሂድ እንዳልላት ያኔ ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ፈተና ነው፤ ፈተናው ሲያልቅ ክረምት ነው። ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ላይ ያሉት አሁን ነው። ለፈቀደ ስነግረው ዓይኑ በራ። እሁድ እንሂድ ተባለ።

የእኛን ቤት ታውቀዋለህ፤ ትንሽ ነገር ማቀድ አንችልም። እኔ ያሰብሁት እኔና ልጆቹ፣ አንድ ምሳ ዕቃና አንድ አንሶላ ነበር። ፈቀደ ሚኒባስ ከጓደኛው ተዋሰ። ሚኒባስ ካለ ባዶ ቦታ ይዞ መሄድ ነውር ነው ተብሎ የእህትህ ልጆች ተጨመሩ። እነሱ ከመጡ ክትፎ ይያዝ ተባለ፣ ክትፎ ካለ ቆጮ፣ ቆጮ ካለ ቅቤ። ሐይቅ ዳር ውለን የምንመለስ ሳይሆን ለመስቀል ጉራጌ አገር የምንገባ መሰልን። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፤ ሐይቁ ከዳሩ ወዲያው ነው የሚጠልቀው ይባላል። ልጆቹ የሚንሳፈፉበት ከሱቅ የትልልቅ መኪና ከመነዳሪ እንውሰድ፣ በገመድ አስረን ገመዱን ፈቀደ ይያዝ አልሁ። ዮናስ እሺ ብሎ ጎሚስታ ቤት ወስዶ አንድ በአንድ አስነፍቶ መጣ። በሚኒባሱ በር አንዱም አልገባ አለ። የጎማ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ይህን አለማሰቡ ተራውን ሁሉ ሲያስቅ ዋለ፤ መልሰን አስተነፈስናቸው። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ነው ጥቁር መልበሴ ትዝ ያለኝ።

ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። ሐይቁ ዳር እሁድ እሁድ ሰው ስለሚሞላ ጥላ አይገኝም አሉ። ድንኳን ያስፈልገናል ብዬ አብነት ሰፈር ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄድሁ፤ ድንኳን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ ድስት ልዋስ። ዕቃ ጠባቂያችን ጋሽ ሙላቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አይ ሽብሩ፣ ዓመቱም ደረሰ አሉ። ሙት ዓመቱን ጾሙ ሳይገባ ማስቀደምሽ ደግ አደረግሽ፣ ሰው በልቶ ይመርቅለት አሉ።

ያን ጊዜ አይደለም ጋሼ፣ ልጆቹን ላዝናና ነው ማለት ነበረብኝ። ባሌ አፈር ለብሶ እኔ ለሽርሽር ድንኳን ልዋስ መጣሁ ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? እንደ እሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ለሁሉም ሰው የማያወጡትን አዲሱን ድንኳን አወጡልኝ። በጋሪ አስጭኜ ስመጣ ዓይኔን በጨው ያጠብሁ ሆኖ ተሰማኝ።

በማግስቱ መንደሩም ተራውም ሰምቷል። ሱቅ በር ላይ እየቆሙ ነፍሱን ይማር፣ እሁድ እንመጣለን ይሉኛል። ጎረቤቶቻችን ሽንኩርት ለመክተፍ ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ተከፋፈሉ። እኔ አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ እያልሁ አንገቴን እደፋለሁ። በስምህ የሚቀርብልኝን ማጽናኛ ለሐይቅ ጉዞ ተቀበልሁት ማለት ነው። ሌባ እንኳ የሟች ዕቃ መንካት ይፈራል።

ከሁሉ የባሰው የሐጂ ከድር ነው። ሱቅ ለሱቅ ተጎራብታችሁ እንዴት እንደኖራችሁ እኔ አልነግርህም። በግ ላኩ። እንደ እምነታችሁ አርዳችሁ እንድትበሉት ብለው በቁሙ ላኩልን። በጉ ግቢ ውስጥ ከውሃ ሮቶው እግር ታስሮ ይጮሃል፤ ሜሮን የጎመን ቅጠል ታበላዋለች። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያየኛል። በግ ምን ያውቃል ትለኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ፊቴን አዞርለታለሁ።

አንድ ክፉ ሐሳብም መጥቶብኛል፣ አልደብቅህም። ሳይነጋ ተነስተን ብንሄድስ፣ ከዚያ የሆነ ምክንያት ብንፈጥርስ አልሁ። ከዚያ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቶ የተዘጋ በር ሲያገኝ ታየኝ፤ ያውም የአንተን በር። ሐሳቡን ተውሁት።

መጀመሪያ ለእናትህ ነገርኋቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ውሃው ጥልቅ ነው ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ገመድ እንዳዘጋጀሁ ነገርኋቸው። ልጆቹን ውሰጂ አሉኝ። እኔ አልሄድም፣ የልጄ ዓመት ሳይወጣ የትም አልሄድም፤ ሙት ዓመቱ አለመሆኑን ሳይሰማ የሚመጣ ሰው ካለ እኔ ቤት ሆኜ እቀበለዋለሁ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ሙላቱ ዘንድ ሄድሁ። አለመናገሬ ውሸት እንደሆነ እዚያው ቆሜ አመንሁ። እሳቸውም አልጮሁም፤ ይህ ድንኳን ለለቅሶና ለሠርግ ነው የተሰፋው፣ መልሱት አሉ። መለስነው። ሽንኩርት ሊከትፉ ከነበሩት ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ሌላዋን ሳማት እውል ነበር።

ሐጂ ከድር ሱቅ በጉን ለአንድ የሰፈር ልጅ አስይዤ ሄድሁ። ሦስት ሳምንት መጠበቅ አቃታችሁ አሉኝ። ይህን የሚሉኝ መስሎኝ አልነበረም፤ እዚያው ደንበኛ መሀል አለቀስሁ። ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ። ከዚያ ሕፃናት ናቸው፣ ውሰጃቸው አሉ። በጉን ግን አልቀበልም አሉ። ለሽብሩ ብዬ ያወጣሁት ወደ ቤቴ አይመለስም፣ ለፋሲካችሁ ይሁን ብለው ልጁን ከነበጉ መልሰው ሸኙት። ስለዚህ በጉ አሁንም ግቢያችን ውስጥ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሱቁን ቀደም ብለን ዘግተን ገብተናል። በድንኳኑ ፋንታ ሁለት አንሶላና ገመድ ይዘናል። ፈቀደ ሚኒባሱን ያጥባል፣ ዮናስ የተነፈሱትን ከመነዳሪዎች እዚያ ሊያስነፋቸው አጥፎ ከረጢት ውስጥ ከትቷል። የወንድምህ ሚስት ለአንድ ቀን እንኳ ጥቁሩን አውልቂው፣ ሙቀት ነው አለችኝ። አላወልቀውም፤ ጥቁሬን ለብሼ ነው የምሄደው።

ሽብሬ፣ እስካሁን የነገርሁህ ለሰው የነገርሁትን ነው። የቀረውን ለማንም አልነገርሁም። ድንኳኑ አይደለም የከበደኝ።

አንተ ሳለህ እሁድ አልነበረንም። የክፍለ ሀገር ሾፌሮች ጎማ የሚገዙት እሁድ ነው ትል ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሱቅ ነበር የምትሄደው፣ ስትመለስ ልጆቹ ተኝተዋል። አንተ ስታልፍ ፈቀደ ብቻዬን አልችልም አለና እሁድ መዝጋት ጀመርን። ገበያችን ቀንሷል። ግን ልጆቹ አርፍደው ይነሳሉ፣ ቁርስ አንድ ላይ እንበላለን፣ ዮናስ ከእህቱ ጋር ካርታ ይጫወታል። አንድ እሁድ ሜሮን ጭኔ ላይ ተኝታ ሳለች ደስ አለኝ፤ በትክክል ደስ አለኝ። ይህ ደስታ ከየት መጣ ብዬ አሰብሁ። ያገኘሁት አንተን ስላጣሁ ነው። አሁን አሁን ምነው ብትመለስልኝ ብዬ ስመኝ፣ እሁዳችንን ግን አትውሰድብን ብዬ እጨምራለሁ። ለሚወዱት ሰው እንዲህ ይባላል? ነገን ደግሞ ከሜሮን እኩል ነው የጓጓሁት። ይቅር በለኝ።

አልረሳህም። ይህን ለማለት ያህል ብቻ አይደለም የምለው፤ የምፈራው ነገር ስላለ ነው። ሜሮን ገና ልጅ ናት። እሁድ በቤታችን የመጣው አባቷ በሄደ ጊዜ መሆኑን አንድ ቀን ራሷ ታሰላዋለች። ሳትቀድመኝ ነገ ልነግራት ነው። ከውሃው ወጥታ እየተንቀጠቀጠች አጠገቤ ስትቀመጥ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ አባትሽ እሁድን ሁሉ ሸጦ ነው ያሳደገሽ እላታለሁ። የሠራቸውን እሁዶች ለአንቺ ነው ያስቀመጣቸው፣ ዛሬ የምትዋኚበት ከእነሱ አንዱ ነው እላታለሁ። ካመነችኝ እኔም አምናለሁ።

ባለቤትህ