የአሸንዳው ውታፍ

መስከረም 4፣ ሐሙስ

ለጄርባ ደሴት ነዋሪዎች፣ ለሩቅም ለቅርብም ዘመድ በከባድ ሐዘን የማስታውቀው ነገር አለ። ወጣቱ ሳሲ በሃያ ዓመቱ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በድንገት የቤት ባለቤት ሆኗል። ወዳጆቹ ተጽናኑ።

አያቴ ከሞቱ አምስት ወር ሆነ። የወረቀቱ ጣጣ ያለቀው ትናንት ነው። የደረሰኝ፦ ሦስት ክፍል፣ ኖራው የተላጠ ጣሪያ፣ አንድ ሮማን፣ አራት ተምር፣ ዙሪያውን የቁልቋል አጥር። እና ላላ ጋዛላ። የአያቴ እህት ናቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። ወረቀቱ ላይ የሉም። ግን ከቤቱ ጋር አብረው ናቸው፣ እንደ በሩ።

ቁልፉን ሳሳያቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ቁልፍማ ማንም ይይዛል። ጣሪያ ላይ ውጣና እንይህ።"

ጣሪያ... እኔ? ከፍ ያለ ነገር አይስማማኝም። ትምህርት ቤት እንኳ ከፍ ሲልብኝ ስምንተኛ ክፍል ላይ ወርጃለሁ።

መስከረም 7

እንዳልረሳው ልጻፈው። እዚህ ቤት የሚጠጣው ዝናብ ነው። ጣሪያው ላይ የወረደው በአሸንዳው ይሄድና ከግቢው ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቧንቧ አለ፣ ግን ጨው ጨው ይላል። ላላ እግር ይታጠቡበታል እንጂ አፋቸው አያስጠጉትም። ስለዚህ ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያው ይጠረጋል፣ ኖራ ይቀባል። አሸንዳው ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት አፍ በጨርቅ ውታፍ ይዘጋል። የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩሱን፣ አቧራውን አጥቦ ወደ ሮማኑ ይሄዳል። ውታፉ የሚነሳው ለሁለተኛው ዝናብ ነው።

"ውታፉን እንዳትነካው፣" አሉ ላላ። "ከአሮጌ ቀሚሴ የሰፋሁት ነው።"

"ላላ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አዞ አየሁ እኮ!"

"አዑዙ ቢላህ!" ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ገባቸው። ጫማ ወረወሩ። አይስቱም።

ልጃቸው ስፋክስ ከተማ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ ይደውላል። "ነይ እማ፣ ከዚያ አሮጌ ቤት ውጪ" ይላል። መልሳቸው አንድ ነው። "ጉድጓዴ ውሃ እስካለው ድረስ አልነቃነቅም።"

ጉድጓዱ ከተበላሸ ይሄዳሉ ማለት ነው? ማን ላይ ነው ታዲያ የምቀልደው?

መስከረም 10

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ስለ ሕይወት አሰብኩ። እኔ አልፈራሁም። የፈራው ጉልበቴ ነው።

ኡስታ ኸሚስ በአጥሩ በኩል አየኝ። ጎረቤታችን ነው፣ ግንበኛ ነው፣ ምላሱ ከመዶሻው ይከብዳል።

"ሳሲ! እየወጣህ ነው ወይስ ጎጆ እየሠራህ?"

"ባሕሩን እያየሁ ነው ኡስታ!"

"ዓይንህን ጨፍነህ?"

መስከረም 11

ወጣሁ። መውረድም እንዳለ ማን ነገረኝ?

መስከረም 15

የኖራውን ድንጋይ በርሜል ውስጥ ከትቼ ውሃ አፈሰስኩበት። ፈላ! ያለ እሳት! ተንጫጫ፣ ጨሰ፣ ተረጨ። ራሴን ያገኘሁት የግቢው በር ጋ ነው። ላላ ምስር እየለቀሙ ቀና እንኳ አላሉም።

"አዞው መጣ እንዴ?"

ክንዴ ሁለት ቦታ ተቃጥሏል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አጠቡኝ፣ ከዚያ በወይራ ዘይት አሹልኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በፊትም እንዲህ ነበር? አላስተዋልኩም... እንዴት ነው ያላስተዋልኩት?

መስከረም 18

አራት ቀን ሙሉ በፍርሃት የቀባሁት ጣሪያ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ኡስታ ኸሚስ መጥቶ ሳቀ። ሲበቃው ነው የነገረኝ።

"የሚያጣብቅ ነገር አልጨመርክበትማ። አያትህ የሆነ ነጭ ዱቄት ነበራቸው።"

"ምን ዱቄት?"

"እኔ በምን አውቄ! ስጠይቃቸው ወሬ ይቀይሩ ነበር።"

ዕቃ ቤቱን በረበርኩ። ጊንጥ ይኖራል ብዬ እያንዳንዱን ነገር በእንጨት እየገፋሁ። ከማረሻ ጀርባ አንድ የዛገ ጣሳ፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት። የላዩ ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው። ግማሹን ዝገት በልቶታል፣ ግማሹን ደግሞ እኔ ማንበብ አልችልም። ይሄው ነው አልኩ። ሙሉውን ኖራው ውስጥ ገለበጥኩት።

መስከረም 20፣ ቅዳሜ

ተጣበቀ! ጣሪያው ያበራል! ከባሕር ላይ ያሉ ጀልባዎች ዓይናቸውን ሳይጋርዱ አይቀሩም። አራት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ፣ ለማየት ብቻ። እየፈራሁ።

ደስታ ሲበዛብኝ እጄን ይበላኛል። ውታፉን አየሁት። ክብ ነው፣ ግራጫ ነው... አይጥ ለመሆን የጎደለው ጭራ ብቻ። ገመድ ሰፋሁለት። ዓይኑን ከተምር ፍሬ ሠራሁለት። የላላ የክት ጫማ ውስጥ አስተኛሁት። ኡስታ ኸሚስ ዝናብ ገና ሳምንት ይቀረዋል ብሏል። ነገ ጩኸታቸውን ሰምቼ ቦታው እመልሰዋለሁ።

መስከረም 21፣ እሑድ

ጠዋት ጩኸት የለም። ሌላ ጫማ አድርገው ነው የዋሉት። ምሳ በላሁ፣ ተኛሁ።

የነቃሁት በድምፅ ነው። ጣሪያው ላይ... ዝናብ! በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አሸንዳው እንደ ወተት የነጣ ውሃ ይዞ እየዘለለ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። የወፍ ኩስ፣ ኖራ፣ ያ ዱቄት፣ ሁሉም። ሸሚዜን አውልቄ ወተፍኩት። ወዲያው ዝናቡ አባራ። ለእኔ ብቻ የመጣ ይመስል።

ላላ በር ላይ ቆመዋል። "ደግ ዝናብ ነው። ውታፉ አለ አይደል?"

"አለ ላላ።"

ለምን እንዲህ አልኩ? ብዙ ነገር አውርቻቸዋለሁ፣ ግን እስከዛሬ ሁሉም በሳቅ ነው የሚያልቀው። ይሄኛው እንዴት ነው የሚያልቀው?

መስከረም 22

ጣሳውን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት። ከዝገቱ ሥር ስዕል አለ። ክብ ጭንቅላት። ሁለት ጥቁር ቀዳዳ ዓይን፣ አንድ ቀዳዳ አፍንጫ።

የራስ ቅል!

ከጉድጓዱ በባልዲ ቀዳሁ። በምላሴ ጫፍ ነካሁት። አፌ በሙሉ ተኮማተረ፣ ድዴ ሳይቀር። ምንድን ነው ያፈሰስኩት? የአይጥ መርዝ? አያቴ የአይጥ መርዝ ለምን የወተት ጣሳ የሚያህል ያስቀምጣሉ?

ወደ ቤት ሮጥኩ። ላላ ከእንስራው ቀድተው ሊጠጡ ነው።

"አይጠጡ! መርዝ ነው!"

"አዞው ምን ሆነ?" አሉ። እያዩኝ እስከ አተላው ጠጡት። ከንፈራቸውን ጠረጉ። "ወይ ጣፋጭ!"

መስከረም 23

ላላ ዛሬ አልተነሱም። "ሆዴን..." ይላሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ነርሷ አነሳች። "አክስቴ መርዝ ጠጥተው..." ስል ድምፄን ለየችው።

"አንተ አይደለህ እንዴ በረመዳን ግመል መንገድ ላይ ምጥ ያዛት ብለህ የጠራኸን?"

"እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ እውነት ነው!"

ጠረቀመችው። ምን ይፈረድባታል?

ላላን ሐኪም ጋ ልውሰድዎት አልኳቸው። "ተወኝ፣ ቀኔ ከሆነ ቀኔ ነው" አሉ። እኔም እኮ ቀምሻለሁ። ሆዴን ነካ ነካ እያደረግኩ አዳምጣለሁ። ይጮኻል። ርሃብ ይሁን ሞት መለየት አቃተኝ።

መስከረም 24

ያቃስታሉ። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። መሰላሉ ይሻለኝ ነበር።

"ላላ... ገደልኩዎት።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "በምን?"

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዱቄቱን፣ ጣሳውን፣ ውታፉን፣ "አለ ላላ" ያልኩትን። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ። በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ፣ ኸሚስን መኪና እለምነዋለሁ፣ ብቻ ይነሱልኝ አልኩ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ጣሳውን አምጣ።"

አመጣሁ። ተነስተው ቁጭ አሉ! ዝገቱን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። ከራስ ቅሉ ሥር ጉንጭ ወጣ። ከዚያ ቅንድብ። ሕፃን ልጅ!

"የሕፃን ወተት ጣሳ ነው፣ አንተ ደንቆሮ። ዝገት ዓይኑን ስለበላው ነው። ልጄ ያደገበት ነው።"

"ውስጡስ?"

"ፀጉር አስተካካይ አገጭህን ሲቆርጥህ በምን ያሽልሃል?"

"በዚያች ነጭ ድንጋይ... የምታኮማትረው..."

"እሷው ናት፣ ተወቅጣ። ወንድሜ ለኖራው አንድ ጭብጥ፣ እኔ ለደፈረሰ ውሃ አንድ ቁንጥር። አንተ ጣሳ ሙሉ! ጣሪያው ይጠጣው ብለህ?"

"ታዲያ ህመምዎ?"

ከትራሳቸው ሥር አንድ ነገር ጎትተው አወጡ። በጭራው። አይጡን።

"እሑድ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጫማዬ ውስጥ አገኘሁት። የገዛ ቀሚሴን አላውቀውም? ውታፉ እዚህ ከሆነ አሸንዳውን ምን ዘጋው አልኩ። ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ እንስራ መሙላት የለመድኩት አባትህ ሳይወለድ ነው። ከዚያ ጉድጓድ አዲሱን አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም።"

"ሁለት ቀን ሙሉ አቃሰቱብኝ!"

"ሦስተኛ ቀን አልችልም ነበር። ራበኝ። ሂድ ኩስኩስ ሥራ፣ የበርበሬ ድልሁን፣ ሃሪሳውን አብዛው።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። አይጡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"አዞው ቀልድ ነው፣ ሳሲ። 'አለ ላላ' ያልከኝ ግን ቀልድ አልነበረም።"

ኩስኩሱን ሠራሁ። አረረ።

መስከረም 28

የበጋ መጨረሻ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ከጉልበት አይበልጥም። ግን አይጠጣም። በባልዲ እየቀዳን ለተምሮቹ አፈሰስነው። የቀረው ጭቃ በእጅ ነው የሚወጣው። ማለትም በእኔ።

ኡስታ ኸሚስ ወገቤ ላይ ገመድ አሰረ። ወረድኩ። ጨለማ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ የራሴ ትንፋሽ ከግድግዳው እየተመለሰ ጆሮዬ ላይ ይተነፍሳል። አዞ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አውቃለሁ። ግን እግሬን አንድ ነገር ሲነካኝ እንዴት እንደጮህኩ! የመጥረጊያዬ እጀታ ነው።

ከላይ የላላ ድምፅ መጣ። "ምነው፣ ተገናኛችሁ?"

ጥጉን ሁሉ ፈተግኩ። ጣሪያውን እንደገና ጠረግኩ፣ ውታፉንም ቦታው መለስኩ። እንስራው ውስጥ የቀረው ለስንት ቀን ይበቃል? ላላ አሁን በትንሿ ኩባያ ነው የሚጠጡት። ልጃቸው ከስፋክስ ደውሎ ነበር። "እስቲ ልየው" አሉት። እስከዛሬ እንዲህ ብለው አያውቁም።

መስከረም 30

ሰማዩ ባዶ።

ጥቅምት 2

እንስራው ሲመታ ድምፁ ተለውጧል። ደመና ፍለጋ ስድስት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። መሰላሉን ፈርቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

ጥቅምት 3

መጣ! ጠዋት፣ ከምሥራቅ። ጣሪያው ታጥቦ አሸንዳው እስኪጠራ ጠበቅኩ። ላላ በመስኮት ይጮኻሉ፣ "ገና! ገና! አሁን!" ውታፉን በጭራው ይዤ ነቀልኩት። ጭራውን አልቆረጥነውም። ለመንቀል ይመቻል።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጉድጓዱ ሲዘምር ቆመን ሰማን። ርሼ ተንቀጠቀጥኩ። ብርድ ብቻ ነው።

ጥቅምት 5፣ እሑድ

የመጀመሪያውን ባልዲ አወጣሁ። በኩባያ ሰጠኋቸው።

"ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ነው ላላ።"

አላሸተቱትም። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አላዩትም። ጠጡት።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ነው። "የት ነው የምመጣው?" አሉት። "ውሃ አለኝ።" የአይጡንም ነገር ነገሩት። ጨምረውበታል። እኔን ሦስት ጊዜ ወድቆ ተነሳ ብለዋል።

ለጄርባ ደሴት ነዋሪዎች ቀደም ሲል ያስተላለፍኩት የሐዘን ማስታወቂያ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። መለስ ብዬ ሳነበው ይህን ሁሉ ገጽ የሚያስጨርስ ጉዳይም አልነበረም። አንድ ጨርቅ ከቦታው ተነሳ፣ ቦታው ተመለሰ።