ያጠፋችሁትን ቤተሰቤን ስለማብራት

ለተከበሩ አቶ ላቀው፣ የሰፈራችን የቤተሰብ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፀዳ፣ ጎንደር

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ የኮምፒውተርዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ምንም እንኳ በመዝገብዎ መሠረት ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ባልኖርም።

ጉዳዬ አጭር ነው። ባሏ የሞተባት እኅቴ አየለች ከመካነ ብርሃን መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀምራለች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሰኞ የሚመጡት የዓይን ሐኪሞች የሚያክሙት ስሙ በአንድ ቤተሰብ ሥር የተመዘገበን ሰው ብቻ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ነገ አርብ ማታ ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ስም እንዲጨምሩልኝ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

፩. ማክሰኞ ሚሞሪ የሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ለመጨመር ሲባል መዝገቡ ተዘግቶ አርባ ሁለት ሰዎች ወደ ቤታችን ተሸኘን። ባለሙያዎ አቶ አንዳርጋቸው፣ ትዕግሥቱን ያብዛለትና፣ መዝገቡ ያለው በትልቁ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ በሚኖር፣ ቨርቹዋል ማሽን በሚሉት አካል አልባ ኮምፒውተር መሆኑን አስረዳኝ። ይህ ማሽን ዕቃዎቹን የሚቆጥረው ሲነሳ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን አያውቀውም። ሌላ ቦታ ያሉት ማሽኖች ግን አዲስ ዕቃ ሥራ ሳያቋርጡ ይቀበላሉ አለኝ፤ ፈርምዌር የተባለው ቀስቃሽ ገና ከጅምሩ ለሚመጣ ዕቃ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ዕቃው ሲደርስም ያስታውቃል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው አስተዳዳሪም ሰምቶ ሥራ ይሰጠዋል። የእናንተ ቀስቃሽ ቦታ አልተወም፤ አስተዳዳሪውም ቢነግሩት አይሰማም። ሁለቱን እንዲህ ተስማምተው ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ለምርጫችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

፪. ነገሩ አዲስ ጥበብ አለመሆኑን በትሕትና ላስታውስ። መካነ ብርሃን ስማር መምህራችን መስከረም ላይ ከስም መጥሪያው ግርጌ አምስት ባዶ መስመር ይተዉ ነበር፤ አጨዳ የሚያቆያቸው ልጆች ዘግይተው ይመጣሉና። የክፍሉ አለቃ ያስታውቃል፣ መምህሩ ይጽፋሉ፣ እኛ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ እንላለን። አንድ ተማሪ መጣ ተብሎ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ እንደገና መስከረም የሆነበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

፫. የማሽኑን ሥርዓት ከመውደድዎ የተነሳ ባለጉዳይ ለሚጠብቅበት አዳራሽም ደነገጉት። ረቡዕ አዲስ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ሁላችንም ስማችን እየተጠራ እየወጣን፣ ስማችን እየተጠራ እንደገና ገባን። እኔ ሰባት ጊዜ ገብቻለሁ። በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ የተቀበለኝ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላጋጠመኝም፤ ጉልበቶቼም ምስጋናቸውን ልከዋል።

፬. ክፍት በሆነ ቤተሰብ ላይ ሰው መጨመር ስለማይቻል፣ ቤተሰቤ ተዘግቶ ከእኅቴ ጋር ይከፈታል ተብሎ ዛሬ ጠዋት ተዘጋ። ሊከፈት ሲል ዲስክ የሚባል ሌላ ዕቃ መጣና እሱን ለማስገባት ማሽኑ ጠፋ። እኅቴ አልገባችም፤ እኔም ከመዝገብ ወጣሁ። እኅትማማቾችን ሳያበላልጡ በማስተናገድዎ ልቤ ተነክቷል።

እንግዲህ ነገ ከመምሸቱ በፊት ቤተሰቤን እንዲያበሩልኝ፣ ሌላ ማሽን ሲያስተክሉም በሥራ ላይ ሳለ እንግዳ ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው እንዲጠይቁ እለምናለሁ።

ለትጋትዎ ከመቀመጫዋ ተነስታ እጅ የምትነሳ፣ በመዝገብ የሌለች አክባሪዎ፣
እጅጋየሁ የሻው

ማሳሰቢያ፦ ነገ ጠዋት እኅቴን እጇን ይዤ ቢሮዎ እገባለሁ፤ ስሟ እስኪገባም አንወጣም። ስም ጠርተው ሊያስወጡን ቢፈልጉ ሁለታችንም መዝገቡ ላይ የለንም። ስለ እኛ ብለው ምንም ነገር እንዳያጠፉ፤ ወንበርዎን ትንሽ ጠጋ ካደረጉልን ይበቃናል።