የልጅቷ አረማመድ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዛሬም ልጅቷ አልመጣችም። ማተሚያ ቤት የምርቃት ባነር ሳስተካክል ዋልኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፊት ሣልኩ። ትልልቅ ዓይን፣ ትንሽ አፍንጫ፣ ሁለት ጉንጉን። ሁሉንም የሆነ ቦታ አይቻቸዋለሁ። ደብተሬ፣ አንተም ሰልችተውሃል።

ለማንኛውም ልጻፈው። አ.አ ያለ ስቱዲዮ ለልጆች አኒሜሽን ዋና ገጸ ባሕርይ ይፈልጋል። የትንሽ ከተማ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማንንም የማትመስል። ከወደዷት ሥራው የኔ ነው። ባነር ቀረ ማለት ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የስቱዲዮው ዳይሬክተር ደወለ። ረጋ ያለ ሰው ነው። የላክሁለትን ሁሉ በጥቁር እንድሞላው ነገረኝ። በጥላዋ ብቻ ካልታወቀች ገና አልተወለደችም አለ።

ሞላሁ። የተደረደረ ድንች።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

መናኸሪያ። ወደ ዶዮገና የሚሄድ መኪና እየጫነ ነው። ሰው እያየሁ እሥላለሁ፦ ወገብ፣ ዘንቢል፣ አንገት። አንዲት ሴትዮ መጥታ ለግብር ነው ወይ የምትመዘግቢን አለችኝ። ሥዕል ነው አልኳት። የባሰ ተጠራጠረች።

አንድም የሚረባ የለም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 11

እህቴ መሠረት መጣች። ሞርሲቶ ከተማ ታስተምራለች፤ ዓርብ ዓርብ ወደ እኛ ትመጣለች። ከባጃጅ ወርዳ ወደ ቤት ስትመጣ በመስኮት አየኋት። በልጅነቷ ፖሊዮ ቀኝ እግሯን አቅጥኖታል፤ በተራመደች ቁጥር ጭኗን በእጇ ትጫናለች። ትከሻዋ ይወርዳል፣ ይነሣል።

ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። ዛሬ ግን እጄ ሳላዘው መሣል ጀመረ። በጥቁር ሞላሁት።

ታወቀች።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ እሷን። ስትሮጥ፣ ቦይ ስትዘል፣ ስታኮርፍ። ስትሮጥም እጇ ከጭኗ አይለቅም፤ ጉንጉኖቿ ወደ ሌላ ጎን ይወረወራሉ። ቁጣዋ ሳይቀር ከትከሻዋ ይጀምራል። ላክሁ።

ዳይሬክተሩ ወዲያው ደወለ። ይቺ ናት፣ አገኘሻት አለ። መጮህ ነበረብኝ። ሻይ ጣድኩ።

ለመሠረት አልነገርኳትም። ስልክ ነበራት፣ እኔም ነበረኝ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ከጓዳ ስወጣ መ. ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች። አንዱን ሥዕል ይዛለች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አረማመዷ ያንቺ ነው።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠች፤ ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለች። ራት ላይ ከእማ ጋር ስለ ተማሪዎቿ ብዙ አወራች። ለእኔ፣ ጨው አቀብዪኝ። በቃ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

የታሪኩ ረቂቅ ከስቱዲዮው መጣ። በመጨረሻው ክፍል ልጅቷ ትድናለች። እጇን ከጭኗ ታነሣለች፣ ትሮጣለች፣ መንደሩ ያጨበጭባል።

መ. ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ስልኬን ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ስንት የፈውስ ኮንፈረንስ እንደወሰዱኝ ታስታውሻለሽ?» አለች።

ጥቂት ጥቂት። እማ እጇን ይዛ ወደ መድረክ ስታወጣት።

«ይጸልዩልኛል፤ ከዚያ ተራመጂ ይሉኛል። እራመዳለሁ፣ እንደምራመደው። ሕዝቡ ዝም። አንዴ እማ እንዳታዝን ብዬ ጭኔን ሳልጫን ሞከርኩ። መድረኩ ላይ ወደቅሁ። እምነቷ ጎድሏል አሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እኮ ነኝ።»

ይሄን አላውቅም ነበር። ከባልዲው ሸሚዝ አውጥቼ አቀበልኳት። አሰጣችው።

«ሣያት» አለች። «ግን እንዳያድኗት።»

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ለዳይሬክተሩ ደወልኩ። እግሯ እንዳለ ይቆይ አልኩት። ልጆች ደስ የሚል መጨረሻ ይፈልጋሉ አለ። ደስ ይበላት፣ ትሩጥም፣ ግን በዚሁ እግሯ አልኩ። ከባልደረቦቹ ጋር እንደሚማከር ነገረኝ።

ማታ እማ ምነው ዝም አልሽ አለች። ሥራ ነው አልኩ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

በቴሌግራም መለሰ። ጨዋ መልእክት ነው፤ በይቅርታ ይጀምራል። መጨረሻው አይቀየርም። ካልተስማማሁ ሥዕሎቹን ገዝተው ለሌላ ሠዓሊ ይሰጣሉ።

ሥዕሎቹን አልሸጥም ብዬ ጻፍኩ። ላክሁ። ወደ ባነሬ ተመለስኩ፤ የሙሽራዋን ስም አንድ ፊደል ገድፌ አተምኩት። እንደገና አተምኩ። ምንም አልተሰማኝም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 11 አልፏል

መ. መጣች። ነገርኳት። ሞኝ ነሽ አለች፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ከዚያ አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው አለች።

ወስኛለሁ። ፊልሙን ራሴ እሠራዋለሁ። አጭር ይሁን፣ ዓመት ይፍጅ፣ በስልኬም ቢሆን። ለዚህ ግን አረማመዱን ከፊትም ከኋላም ማየት አለብኝ፤ በመስኮት ያየሁት አይበቃም። ትራመጂልኛለሽ ወይ አልኳት።

ቦርሳዋን አወረደች።

አሁን ግቢ ውስጥ ነን። እማ ድምፅ ሰምታ በር ላይ ወጥታለች፤ መ.ን ታያለች። መ.ም አየቻት። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብሰብ አድርጋ ቋጠረችው። እማ ፊት ይህን ስታደርግ አይቼ አላውቅም።

«ከየት ልነሣ?» ትላለች።

ከአጥሩ ሥር። ወረቀቱን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ፀሐይዋም እየሄደች ነው። ደብተሬ፣ የቀረ ገጽህን ልሥልበት ነው፤ ተነሣች