የበጉ ፀጉር ቀላ

ልጄ ኤደን፣ ወንድምሽ ሳሚ በእንግዳ ፊት አዋርዶኛል። አንቺን ግን አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ።

ለልጁ ለማሂ ቀዩን የዱቄት ጭማቂ ሲበጠብጥላት «ቀለም አታጠጣት» ስለው፣ «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆኑ?» ብሎ አሳቀብኝ።

ዝም ያልኩ መሰለሽ? ለብርድ ልብስ ከሸለትኩት ነጭ የበግ ፀጉር ቆንጥሬ ከዚያው ጭማቂ ጋር አፈላሁት። በሳሙና ባሸው ባሸው ቀለሙ አልለቅ አለ! ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየ። ነርሷ ወለተኢየሱስ «የበግ ፀጉር ምስክር አይሆንም፤ ግን ሰው ሠራሽ ቀለም አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣል» አለች። ለእኔ ይበቃኛል።

አሁን ሳሚ ራሱ ሲናና ከሚባለው አገር የመጣ የገብስ በሶ በማር ይበጠብጥላታል። ማሂም ረጋ ብላለች። አንቺም ስትመጪ ባለቀለም ከረሜላ አታምጪ፣ የኔ ልጅ።

ስድቡን ከእንግዲህ አላነሳውም፤ አንቺም እንዳታነሺብኝ።