እናቴን ከመስታወት ምድጃ ስላገደው ማስታወቂያ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ባለፈው ማክሰኞ እኛ ቤት ለተለበለቡት ጣቶችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ።

እኔ የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ ስሆን፣ እናቴ ደግሞ በደረጃው ግድግዳ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ «ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን በመስታወት ምድጃው እንዳይጠቀሙ» ብለው የከለከሏት ሴት ናት። ስሟን ስላልጠቀሱ ምስጋናችን የላቀ ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ዓይኗ የደከመ አሮጊት እሷ ብቻ ስለሆነች መጥቀስም አላስፈለገዎትም። ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ የድሮ ምድጃዎቻችንን ነቅለው ይህን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ መስታወት ስለተከሉልን እናመሰግናለን። በድሮው ምድጃ እናቴ ማዞሪያውን ዳብሳ፣ ቀጭ ሲል ሰምታ፣ ያለማንም እርዳታ ታበስል ነበር። አዲሱ ማዞሪያ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ከጠፋ በኋላም እንደጋለ ይቆያል። መጋሉን የምትናገረው አንዲት ቀይ መብራት ናት፤ እሷም ለሚያይ ሰው ብቻ። እናቴ የበረደ መስሏት ልትወለውለው ስትል መዳፏ ተቃጠለ። ማዞሪያ ያለው ምድጃ እንዲመለስልን ስንለምንዎ መልስዎ ያ ማስታወቂያ ሆነ።

2ኛ/ የአያያዝ መመሪያዎን እናቴ በቃሏ ይዛዋለች። ድስት አንስታ ታስቀምጣለች እንጂ አትጎትትም። በሽቦ አትፈገፍግም፤ ሲበርድ አቼቶ በነካው ለስላሳ ጨርቅ ትወለውለዋለች። እውነቱን ለመናገር እኔ በልጅነቴ እንኳ እንዲህ በእንክብካቤ አልተያዝኩም።

3ኛ/ ማክሰኞ ክልከላው መከበሩን ሊያረጋግጡ ድረስ መምጣትዎ ትልቅ ክብር ነበር። ማዕድ ቤታችን መሃል ቆመው ስለ ቀይዋ መብራት ጥቅም በሰፊው እያስረዱን ሳለ፣ የፕላስቲክ ፋይል መያዣዎን መብራቷ እየበራች በጋለው መስታወት ላይ አጋደሙት። መጀመሪያ የሸተተው እናቴን ነው። የሚቃጠል ነገር እንዳለ ስትነግርዎ «እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ» ብለው ማብራሪያዎን ቀጠሉ። ጢሱ አፍንጫዎ ሲደርስ ፋይሉን ሊነጥቁ ሲሉ ጣቶችዎ ተለበለቡ። የእጅ አንጓዎን ይዛ ወደ ቧንቧው የወሰደችዎና ቀዝቃዛ ውሃ የለቀቀችልዎ ማየት የማትችለው እናቴ መሆኗን ምናልባት በድንጋጤ አላስተዋሉት ይሆናል። ቀልጦ የተጣበቀውን ፕላስቲክም መስታወቱ እንደሞቀ፣ ምላጭ አጋድሜ የፋቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ጭረት የለውም፤ መጥተው ማየት ይችላሉ።

4ኛ/ በማግስቱ እናቴ ምድጃውን ከነካች ቤቱን እንድንለቅ በደብዳቤ አሳሰቡን። ሳነብላት «ዓይኔ እንደሄደ እጄም ሊሄድ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ግን በጣም ተናደድኩ፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ስለዚህ ቁርጡን ይወቁት፤ እናቴ ነገም ምሳ ታበስላለች። ምድጃውን አጥፍታ ስታበቃ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ በጋለው ቦታ ላይ ታስቀምጣለች፤ ማንቆርቆሪያው እጀታው ድረስ ሳይበርድ መስታወቱን አትነካም። ይህን ዘዴ ያገኘችው ራሷ ናት፤ ለእርስዎም ይጠቅማል። ማዞሪያ ያለው ምድጃ እስኪመጣልን ድረስ በዚሁ እንቀጥላለን፤ ቤቱንም አንለቅም።

ሰው ሲያስጠነቅቅዎ የሚሰሙበትን ቀን በጉጉት የምጠባበቅ፣
ታዛዥ ለመሆን እጅግ ሞክሬ ያልተሳካልኝ
የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእናቴ መዳፍ ከገዛነው የቃጠሎ ቅባት ግማሹ ተርፏል። «ያን ልጅ ሳያመው አይቀርም» ብላ እንድልክልዎ ስላዘዘችኝ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የጠቀለልኩበት ወረቀት ከደረጃው ግድግዳ ላይ የቀደድኩት ማስታወቂያዎ ነው።