ሳታድር የማትመለስ መኪና

ጥቅምት 4
ዝናብ። መነጽር ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። ሌንስ ስሞርድ፣ ወደ መስኮቱ ሳቀናው፣ መንገዱ ሲርቅ፣ ሲቀርብ... ሐሳብ ይዞኝ ጭልጥ። አለቃዬ፣ «ዛሬስ የት ደርሰሽ መጣሽ?» አለችኝ። እኔስ መች አወቅሁት?
አሮጊቷ መኪናችን አበቃላት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋው። «ነፍስ ይማር» አለ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን የኋላ ወንበሯን አየሁ። እናቴን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰድናት በሷ ነበር።

ጥቅምት 6
ተወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና። ያገለገለች። አዲሷንማ በሕልሜ።
ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ እራት ላይም አስተማሪ ነው። ማንኪያውን ቀስሮ፣ «ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ማለት ያገለገለ ባትሪ መግዛት ማለት ነው!» አለን። ትልቋ ልጄ፣ «ቀለሙስ?» ትንሹ፣ «ጡሩምባውስ?» እኔ ምን ጠየቅሁ? ምንም። አባባን እያሰብኩ ነበር።

ጥቅምት 8፣ እሑድ
በዋርሳዬ፣ በባለቤቴ ወንድም፣ መኪና አባባ ዘንድ ደርሰን መጣን። እንደተለመደው... ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። እኛ ጋ ግባ ስለው፣ «ቤቴን ለማን ጥዬ?» ይላል፣ ፍርጥም ብሎ።
ገና ምሳ ሳይነሳ ባለቤቴ ሰዓቱን አየ። አባባ ደግሞ እሱን አየው። ወዲያው ተነስቶ የልጆቹን ጫማ በሩ ላይ ደረደረ። «በሉ ሂዱ፣ ሳይመሽባችሁ።» አንጀቴን በላው። ልሰናበት ስዞር የውስጠኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ሁለቱም አልጋዎች ተነጥፈዋል። አንሶላው ንጹሕ። ማን ተኝቶባቸው ያውቃል?

ጥቅምት 13
አንዲት ነጭ መኪና አየን። የጥርስ ሐኪም መኪና ናት። እሷም ክሊኒክ ክሊኒክ ትሸታለች። ደላላው መመርመሪያውን ሰክቶ ባትሪዋን አነበበ። «ይቺማ ገና ልጅ ናት!» አባባ ዘንድ ደርሳ፣ መንገድ ላይ ቻርጅ ሳታደርግ፣ በዚያው ቀን ትመለሳለች። ባለቤቴ ፊቱ በራ። ዕቃ መጫኛዋ ሰፊ፣ ጎማዋ ደህና፣ የልጅ ወንበር ማሰሪያዋም ጠንካራ። ምን ይወጣላታል?
ትንሹ ከኋላ ተቀምጦ፣ «ትቆረቁራለች» አለ። ማን ሰምቶት!

ጥቅምት 15
ዛሬ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ መኪና... ጣሪያዋ መስታወት ነው። ባለቤቴ መሪ ያዘ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ገባሁ። አንገቴን አስደገፍኩ። ደመናው ነው የሚሄደው እኛ ነን? ድምፅ የሚባል የለም። የዛፍ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ትልቋ ልጄ በሹክሹክታ፣ «እማ፣ ተኝተን ነው እንዴ የምንሄደው?» አለችኝ። ጣቴን ከንፈሯ ላይ አደረግሁ፤ ዝምታው እንዳይሰበር።
ባትሪዋ ግን ደክሟል። ሻጯ ጡረታ የወጡ የሕፃናት መምህርት ናቸው፤ አልደበቁንም። «ኋላ እንዳትቀየሙኝ። ከከተማ ከወጣች ሳታድር አትመለስም። በቤት ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትሞላው። እናቴ ዘንድ በሄድን ቁጥር ስናድር ኖርን። መጀመሪያ መጀመሪያ እናደድ ነበር...» መሪውን በመዳፋቸው አበሱት። «አሁንማ የማድርበትም የለኝ።»
ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጎማ ያያል። አልሰማም።

ጥቅምት 16
ሳታድር አትመለስም... ሳታድር አትመለስም።
ዛሬ ለአንድ ደንበኛ የግራውን ሌንስ በቀኙ ልክ ሞረድኩት። አለቃዬ ጮኸችብኝ። ማፈር ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ወይ ጉዴ!

ጥቅምት 18
ዛሬ ተነፈስኩ።
«ሰማያዊዋን እንግዛ።»
«ምኗን ወደሽ?»
«ባትሪዋ መድከሙን።»
ሹካውን አስቀመጠ። «ደህና ነሽ? ሰው ጉድለቷን ወዶ መኪና ይገዛል እንዴ?» አባባ ዘንድ ማደር እንደምፈልግ ነገርኩት። «ታዲያ በነጯስ ማደር ማን ከለከለን?»
እውነቱን ነው። ማንም። በአሮጊቷም ማንም አልከለከለን። ግን አንድ ቀን አድረን እናውቃለን? ነገ ሥራ አለ፣ ልብስ ይታጠባል፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው... መመለስ ከቻልን እንመለሳለና! እኔም ራሴ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እነሳለሁ። «የማትመልሰን መኪና ነው የምፈልገው» አልኩት። «አባባ እስከ መቼ ይጠብቀናል?»
የሒሳብ አስተማሪው ሳህኖቹን ሰብስቦ አጠበ። ኩርፊያ ነው? እንጃ።

ጥቅምት 19
ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «የአባባ ቤት ሶኬት ይችላታል? ኤሌክትሪሺያን ማሳየት አለብን» አለ። ይኸው ነው። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ትምህርት ቤት አረፈደ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ
ሰማያዊዋ መኪናችን ድምፅ ሳታሰማ አባባ ግቢ ገባች፤ አልሰማንም። ጓሮ ቲማቲም ሲያጠጣ ደረስንበት። ገመዱን በሳሎኑ መስኮት አስገብተን ሰካናት። አባባ ዙሪያዋን ዞረ፣ አንዴ ዳበሳት።
«እስከ ስንት ሰዓት ነው እንዲህ የምትሆነው?»
«እስከ ጠዋት፣ አባባ።»
«እስከ ጠዋት!» ባለቤቴን ሰረቅ አድርጎ አየው። ባለቤቴ ሰዓቱን አላየም።
ልጆቹ እነዚያ አልጋዎች ላይ ናቸው። አባባ ሳሎን ውስጥ ያንጎራጉራል... እናቴ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እያለቀስኩ ነው መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነው።

ኅዳር 6
ጠዋት ባለቤቴ ዕቃ ጭኖ መኪናዋን ቢያስነሳ ባትሪዋ ትናንት ስንደርስ የነበረው ነው። ጠብ ያለላት የለም! ገመዱ ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።
«ማነው የነቀለው?»
ትልቋ፣ እኔ አይደለሁም። ትንሹ፣ እኔም።
አባባ ዳቦ ይቆርጣል። «የምትግል መስሎኝ እኮ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የት አውቄ?» ለትንሹ ቁራሽ አቀብሎ፣ «አሁን ብትሰካስ?»
«እስከ ማታ ነው፣ አባባ» አለው ባለቤቴ። «ያኔ ደግሞ ጨለማ ነው። ነገ ጠዋት ነው እንግዲህ።»
«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ አባባ፣ በጣም ያዘነ መስሎ።
እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሳቁን ውጦ ስልኩን አወጣ፤ ነገ እንደማይገባ ለትምህርት ቤቱ ሊነግር።
አባባ ገመዱን ከወንበሩ አንስቶ በመስኮቱ ዘረጋ፣ የመኪናዋን የቻርጅ ክዳን ከፍቶ ራሱ ሰካት። ማንም አላሳየውም። ከዚያ በሩ ጋ የተደረደረውን የልጆቹን ጫማ ሰብስቦ ወሰደና አልጋ ሥር ከተተው።